«ፕላስቲክ ብቻ ነው» ለሚሉን

ክቡራን እንግዶች፣ መምህራን፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬ ሥራችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ የቆማችሁ ልጆች፦ እንደምን አደራችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ የአእምሯዊ ንብረት ጥበቃ ለአገር ዕድገት ስላለው ሚና ነው። ጥሩ ርዕስ ነው። ስለ ሚናው ግን ከእኔ በፊት የነበሩት ተናጋሪዎች በደንብ ብለውታል። እኔ ስለ ቀፎ ነው ማውራት የምፈልገው። አዎ፣ ስለ ቀፎ። ሰርኪዩቱ ስለሚቀመጥበት፣ ቦርዱን ስለሚይዘው፣ በሻጋታ ስለሚወጣው ፕላስቲክ።

ታውቁኛላችሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሻጋታ ስሞርድ ነው። ከብዙዎቻችሁ ጋር መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ገብተን የአሮጌ ሬዲዮ ቀፎ ስንፈልግ ውለናል። ቦርዱን በገዛ እጃችን ሠርተን፣ የሚገባበት ስናጣ የምሳ ዕቃ ውስጥ የከተትን አለን። ትስቃላችሁ! ደንበኛው የምሳ ዕቃውን አይቶ ዋጋውን በግማሽ ሲቀንስብን ግን የሳቀ አልነበረም።

ስለዚህ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቀፎ የሚንቅ አይኖርም ብዬ ነበር የመጣሁት። ጠዋት ኤግዚቢሽኑን ስዞር አንድ ጎበዝ ልጅ አገኘሁ። «ፈጠራህ የቱ ነው?» አልኩት። «ኮዱ ነው» አለኝ። «ይሄ ቦርዱን የያዘውስ?» «እሱማ ፕላስቲክ ብቻ ነው፣ ጋሼ» አለ። ልጁን አልቆጣውም። ይህን አባባል ከየት እንደተማረው አውቃለሁ። ከእኛ ነው የተማረው።

አንድ ታሪክ ላውራችሁ። ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

መቂ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለማው ገበሬ ብዙ ነው። አንድ ወጣት፣ ስሙን አልጠራም፣ ለእነሱ የፓምፕ መቆጣጠሪያ ሠራ። ጉድጓዱ ውኃ ሲያንሰው ፓምፑን ያጠፋል። መብራቱ ሲዋዥቅ ይቆርጣል። ንጹሕ ሥራ ነው። በጋውን ያለ እንከን ሠራ፤ ገበሬውም መረቀው። ክረምቱ ሲገባ መቆጣጠሪያዎቹ አንድ በአንድ ሞቱ። ሲከፍታቸው ውስጣቸው ውኃ ነው።

ምን አደረገ? ሁላችንም የምናደርገውን ነዋ! ሲልኮን ገዛ። ዙሪያውን ለደፈው። ውኃው አሁንም ገባ። የጎማ ማሸጊያ ጨመረ፣ ብሎን ጨመረ። ይባስ ብሎ አሁን ውኃው ገብቶ አልወጣም አለ። ተናዶ ወደ እኔ መጣና «ጋሼ፣ ይሄ ውኃ ከየት ነው የሚገባው?» አለኝ።

ቁጭ ብለን አሰብንበት። ነገሩ እንዲህ ነው። ቀፎው ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ይውላል። ውስጡ ያለው አየር ይግልና ይሰፋል፤ በኬብሉ ዙሪያ፣ በማሸጊያው ሽንቁር ሾልኮ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ዱብ ይላል። ቀፎው ባንዴ ይቀዘቅዛል። ውስጥ የቀረው አየር ይኮማተራል፤ ግፊቱ ከውጪው ያንሳል። ስለዚህ ቀፎው መሳብ ይጀምራል። በዚያች ሰዓት ዙሪያውን ያለው ምንድን ነው? ውኃ! ዝናቡ ሰብሮ አልገባም፤ ቀፎው ራሱ ነው የጠጣው።

ልጁ ይህን ሰምቶ ሄደ። ሲመለስ የያዘው ነገር አሁንም ዓይኔ ላይ ነው። ማሸግ ትቷል። ቦርዱ ተኝቶ የነበረው ቆሟል። ከግድግዳው የወጡ ዘንበል ያሉ ቀጫጭን ጎድኖች የቦርዱን ጠርዝ ብቻ ይይዛሉ። እነዚያው ጎድኖች ግድግዳው ላይ የሚጠራቀመውን ጤዛ ከቦርዱ አርቀው ወደ ታች ይመሩታል። ታች ጠመዝማዛ መተላለፊያ አለ፤ አየሩ በዚያ ይገባል፣ ይወጣል፤ ውኃው ወደ ውጪ ይፈሳል እንጂ ተመልሶ አይገባበትም።

ሌላም አለ። ቦርዱ በአንድ ጫፍ ብቻ ነው የተነከሰው፤ ሌላው ጫፍ ይንሸራተታል። ለምን? ቀፎው የተሠራበት ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ በሙቀት የሚሰፋው ከፋይበር ቦርዱ ብዙ እጥፍ ነው። አራቱን ማዕዘን በብሎን ከጠፈርከው ፕላስቲኩ ቦርዱን ሲጎትት ይውላል፤ አንድ ቀን ብየዳው ይሰነጠቃል። ይህ ሁሉ፣ ልብ በሉ፣ በአንድ ሻጋታ፣ በአንድ ምት የወጣ ነው። ብሎን የለው፣ ጎማ የለው። የሚቀጥለውን ክረምት መቆጣጠሪያዎቹ በሕይወት አለፉት።

ከዚያ ልጁ የፈጠራ መብት ማመልከቻ ሊያጽፍ ወደ አንድ ባለሙያ ሄደ። ባለሙያው ቀፎውን አገላብጦ አየውና ወደ ጎን አደረገው። «ይሄ ፕላስቲክ ብቻ ነው። ቦርዱን አምጣ» አለው። ስለ ቦርዱ ጻፉ። ሪሌ፣ ማይክሮ ኮንትሮለር፣ የውኃ መጠን መለኪያ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ነገር! ማመልከቻውን የመረመረው መሥሪያ ቤት መልስ «አዲስ አይደለም» የሚል ሆነ። መልሱ ትክክል ነበር። መርማሪው ላይ የምለው የለኝም። ሕፃኑን አሳይተው አንቀልባውን ቤት ጥለውት መጡ፤ ፈጠራው ያለው ግን አንቀልባው ላይ ነበር።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ። ከእናንተ መካከል የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጁን፣ ቁጥር 123/1987ን ያነበበ እጁን ያውጣ። አይ... ይሁን።

በዚህ አዋጅ ሁለት በር አለ። አንዱ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት ነው፤ 15 ዓመት፣ ፈጠራው አገር ውስጥ እየተሠራበት ከሆነ ተጨማሪ 5 ዓመት። ሁለተኛው ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ነው፤ 5 ዓመት፣ ከታደሰ ሌላ 5። ፓተንቱ አዲስነትን ብቻ አይጠይቅም፤ በሙያው ላለ ሰው ግልጽ ያልሆነ እርምጃም ይፈልጋል። የግልጋሎት ሞዴሉ ደጃፍ ዝቅ ያለ ነው።

ለእኛ ለቀፎ ሠሪዎች ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። አዋጁ የታወቀን ዕቃ ቅርጽ፣ መጠን ወይም የተሠራበትን ነገር መቀየር ብቻውን ለግልጋሎት ሞዴል አይበቃም ይላል። እዚህ ድረስ ሁሉም ያስታውሳል። «ሕጉ ቅርጽ መቀየር አይበቃም ብሏል» ይሉናል፣ ይዘጉብናል። ዓረፍተ ነገሩ ግን አላለቀም! ለውጡ የዕቃውን ባሕርይ ወይም ተግባር ቀይሮ አጠቃቀሙን ካሻሻለ ይበቃል። ከዓረፍተ ነገሩ ግማሹን ብቻ አንብቦ በሰው ልጅ ልፋት ላይ የሚፈርድ ባለሙያ ሁለተኛውን ግማሽ የሚያነበው መቼ ነው?

በሌላ በኩል ደግሞ ቀፎ ሁሉ ፈጠራ ነው ብዬ አልዋሽም። ይህ ክርክር ከፕላስቲክም ይቀድማል። አሜሪካ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የበር እጀታ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። እጀታው ከእንጨትና ከብረት ይሠራ የነበረ ነው፤ ሰዎቹ በሸክላና በፖርሲሊን ሠሩት። ሆችኪስ እና ግሪንዉድ ይባላል ጉዳዩ። ፍርድ ቤቱ ይህ የጎበዝ ባለእጅ ሥራ እንጂ የፈጣሪ ሥራ አይደለም አለ። እውነቱን ነው። ትናንት በቆርቆሮ የነበረውን ቀፎ ዛሬ በፖሊካርቦኔት ብታወጡት ያው ነው። ሁለት ቁራጭ የነበረውን አንድ አድርጋችሁ ስለቀረጻችሁትም ብቻ ማንም አያጨበጭብላችሁም።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የ2007 እ.ኤ.አ. ውሳኔ ነው፤ ኬኤስአር እና ቴሌፍሌክስ። የመኪና ነዳጅ ፔዳል ነው። ፔዳሉ እንደ ሾፌሩ ቁመት የሚስተካከል ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ሴንሰር ሊገጠምለት ተፈለገ። የት ይገጠም? የሚንቀሳቀሰው አካል ላይ ከሆነ ሽቦው እየታሸ ይላጣል። ባለፓተንቱ ሴንሰሩን የማይንቀሳቀሰው መዞሪያ ላይ አደረገው። ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ «ይህ ግልጽ ነው» አሉ። የሚስተካከለው ፔዳል ነበረ፣ ሴንሰሩ ነበረ፣ ሽቦው እንደሚላጥም ቀድሞ ተጽፏል። መካኒክ ማሽን አይደለም፤ እሱም ያስባል፤ ይህንን ያስበው ነበር ነው ነገሩ።

ይህን ውሳኔ ሲጠቅሱብን እንፈራለን። አትፍሩት፤ አንብቡት። ፍርድ ቤቱ «መያዣ ስለሆነ አይሆንም» አላለም። ከዚህ በፊት የነበሩትን አንድ በአንድ ዘርዝሮ፣ ችግሩም መፍትሔውም ቀድሞ እንደታወቀ አሳይቶ ነው ፓተንቱን ያፈረሰው። ሠርቶ ነው ያፈረሰው! ከፕላስቲክ ስለሆነ ብቻ ወደ ጎን አልገፋውም።

የመቂውን ልጅ በዚህ ሚዛን ላስቀምጠው። የሚተነፍስ ቀፎ አዲስ አይደለም፤ አየር አሳልፎ ውኃ የሚከለክል ስስ ሽፋን ያላቸው በየመኪናው አሉ። ቦርድን በጎድን መያዝም አዲስ አይደለም። «የሚተነፍስ ቀፎ ፈጠርኩ» ብሎ ቢጽፍ መውደቁ ተገቢ ነው። ግን ያው ጎድን ቦርዱን እየያዘ ውኃውን መምራቱ፣ ቦርዱ እንዲንሸራተት የተተወለት ክፍተት ራሱ የአየሩ መንገድ መሆኑ፣ ይህን ማን ሠርቶት ነበር? አሳዩን። ካሳያችሁን ዝም እንላለን። ካላሳያችሁን ግን «ቀላል ነው» አትበሉን። ካዩት በኋላ ሁሉም ቀላል ነው! ቀላል ከነበረ ያንን ክረምት ሁላችንም ሲልኮን ስንለድፍ ለምን ከረምን?

ልጆች፣ ለእናንተ ደግሞ። ማመልከቻዎቻችሁን አይቻለሁ። «ጥቁር፣ አራት ማዕዘን፣ ክዳን ያለው» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። እንዲህ ከጻፋችሁ ጎረቤት ያለው ተወዳዳሪ ማዕዘኑን አጠፍ አድርጎ ይሸጠዋል። ፕላስቲኩ የሚሠራውን ሥራ ጻፉ። ይህ ጎድን ምን ይይዛል፣ በምን አቅጣጫ ዘንበል አለ፣ ለምን፣ ባይኖር ምን ይበላሻል። ከነበረው ጋር አወዳድራችሁ ሞክሩና የሙከራችሁን ውጤት መዝግባችሁ ያዙ። መልኩን ብቻ መጠበቅ ከፈለጋችሁ እሱ የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ምዝገባ ነው፤ ሌላ በር ነው።

ፎቶውን ሳታመለክቱ ቴሌግራም ላይ አትልቀቁት። ፈጠራው በአደባባይ ከታየ በኋላ እንዲያመለክት አሜሪካ ለፈጣሪው የአንድ ዓመት ጊዜ ትሰጣለች፤ አውሮፓ ግን በመርሕ ደረጃ አንድ ቀን እንኳ አትጠብቅም። ዛሬ እዚህ ስልክ አውጥቶ የሚያነሳችሁን ሁሉ ልብ በሉ፤ እኔንም ጨምሮ።

የግልጋሎት ሞዴልን ደግሞ የወደቀ ሰው መጽናኛ አታድርጉት። ጀርመኖች ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አላቸው። ቻይናዎቹም በገፍ ያስመዘግቡበታል።

ለመጨረስ፣ ከፊት ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁ ክቡራን አንድ ጥያቄ አለኝ። የዚህ አዳራሽ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው ብዬ አምናለሁ። የቀፎ ወይም የመያዣ ማመልከቻ ስትጥሉ ከዚህ በፊት የነበረውን ዕቃ ቁጥሩን፣ ሥዕሉን ጠቅሳችሁ፣ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር አንድ እንደሆነ በጽሑፍ ስጡን። ማመልከቻ የምታዘጋጁ ባለሙያዎችም እንዲሁ፦ ልጁን ከማባረራችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። የመቂው ልጅ አሁን አዲስ ማመልከቻ ጽፏል፤ በዚህ ጊዜ ስለ ጎድኑ። ከሻይ በኋላ ግራ በኩል ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ቀፎውን ግን ማመልከቻው መግባቱን የሚያሳየው ወረቀት እጁ እስኪገባ ድረስ አያሳያችሁም። እኔ ነኝ ከልክዬው።

አመሰግናለሁ።