ሞተሬ ለምን አልሞቅ አለ?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሁለት ወር ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ስለከረመ ነገር ላወራችሁ ነው። ስለ መኪናዬ ሞተር።

ነገሩ የሚጀምረው ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ወደ ደጀን ስንወጣ የሙቀት ቀስቱ ቀዩ ውስጥ ገባ። አቀበቱን ታውቁታላችሁ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ቆሜ ኮፈኑን ስከፍት እንፋሎቱ ወደ ኋላ መለሰኝ። እናቴ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ትላለች። መኪናዋ የ2003 ሞዴል ኮሮላ ናት። ተጎትታ አዲስ አበባ ገባች። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ተጣሟል፤ ከሥሩ ውሃና ዘይት እንዳይቀላቀሉ የሚያሽገው ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል። ሞተር ወረደ፣ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ተስተካከለ፣ የፒስተን ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑ ላይ የሚገባው ቀለበት፣ ተቀየረ።

ስረከባት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቀስቱ ከታች ነው፣ መሃል እንኳን አይደርስም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔም ዓይኔ ከቀስቱ አይነቀልም ነበር። በወረደ ቁጥር «ተመስገን» እላለሁ። አሁን ሳስበው የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። ሙቀት ያስፈራናል። ቅዝቃዜን ግን ጤና ይመስለናል።

ከዚያ ትንንሽ ምልክቶች መጡ። በሊትር 11 ኪሎ ሜትር የምትሄደው መኪና ወደ 8 ወረደች። ሐምሌ ላይ መስታወቱ በጉም ሲሸፈን ማሞቂያውን ስከፍት የሚወጣው አየር ለብ ያለ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ደግሞ የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት ውስጡ የማኪያቶ አረፋ በመሰለ ነገር ተለብጧል። ልቤ ቀጥ አለ። ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቀለ፣ ጋርኒሲዮኑ እንደገና ሄደ ብዬ ነበር።

ግን የራዲያተሩን ውሃ ምልክት አድርጌ ለሳምንት ተከታተልኩት። ጠብታ አልጎደለም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስመዝዘው ንጹህ ነው። አረፋው ያለው ክዳኑ ላይ ብቻ ነው። ሞተር ሲሠራ ውስጡ እርጥበት ይፈጠራል። በደንብ ከሞቀ ተንኖ ይወጣል። ካልሞቀ ቀዝቃዛው ክዳን ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀርና ከዘይት ጋር ይቦካል። ቤንዚኑም ከዚሁ ነው የሚመጣው። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና እየሞቀ ነው ብሎ ስለሚያስብ ነዳጅ ይጨምራል። ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ይወርዳል። ስንት ብር የወጣበት አዲስ ፋሻ እኮ እዚያው ግድግዳ ላይ ነው የሚፋተገው።

መጀመሪያ ያጣራሁት ቀስቱ ራሱ እውነት መናገሩን ነው። ሞተር ወርዶ ሲገጠም ውሃው ውስጥ አየር ሊቀር ይችላል። ሴንሰሩ ከውሃ ይልቅ አየር ከነካ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ስለዚህ ሞተሩ በቀዘቀዘበት የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ፣ ማሞቂያውን ለቅቄ፣ አረፋው እስኪያልቅ አየር አስወጣሁ። ለውጥ የለም። ከዚያ የሞተሩን ሙቀት በስልክ የሚያሳይ ስካነር ሰካሁ። ቦሌ መንገድ ጭንቅንቅ ውስጥ ቆሜ 80 ዲግሪ ይጠጋል። ቀለበት መንገድ ላይ ፍጥነት ስጨምር ወደ 60 ይወርዳል። ቬንትሌተሩ፣ ማለትም የራዲያተሩ ማራገቢያ፣ ሳያቋርጥ እንዲዞር ዳይሬክት ተያይዞ ቢሆን ቆሜም ይህን ያህል አይሞቅም ነበር። ነፋስ ሲያገኝ ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ውሃው ያለ ከልካይ በራዲያተር እየዞረ ነው ማለት ነው።

በማግስቱ ማለዳ ሞተሩን አስነስቼ ከራዲያተር ወደ ሞተር የሚመለሰውን የታችኛውን ቱቦ በእጄ ያዝኩት። ሞተሩ እስኪሞቅ የራዲያተሩን ውሃ የሚከለክለው ቫልቭ፣ ቴርሞስታት የሚባለው፣ በዚህ ሞተር ላይ በዚያ በኩል ነው። እስከ 82 ዲግሪ ገደማ ዘግቶ መቆየት ነበረበት። ስካነሩ ገና 40 ሳይል ቱቦው መዳፌ ውስጥ ለብ አለ።

ጋራዡ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ቴርሞስታቱ አለ?»

«አውጥቼዋለሁ ልጄ። እሱ እኮ ነው ያቃጠለህ።»

አልተናደድኩበትም። ግማሹ እውነት ነበር። አሮጌው ቴርሞስታት ብሎን ከሚቀመጥበት ጣሳ ውስጥ ወጣ፣ በዝገት ተበልቷል። ለዓመታት ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ስንሞላበት ነው የኖርነው። እኔ አዲስ ገዝቼ ይዣለሁ። አሮጌ የወተት ጣሳ ቡታጋዝ ላይ ጥደን ሁለቱንም በሽቦ አንጠለጠልናቸው። የወጥ ቤት ቴርሞሜትርም ከተትኩ።

ቴርሞስታት ውስጡ ሰም ነው። ሰሙ ሲሞቅ ያብጥና ቫልቩን ገፍቶ ይከፍታል። አዲሱ ከ82 ትንሽ አለፍ ሲል ከንፈሩን ገለጥ አደረገ። አሮጌው ውሃው ሲንተከተክም እንደተዘጋ ቀረ። ደጀን ላይ ጉድ ያደረገን እሱ ነው። ጋሼ ግን አዲሱን በፒንሳ አውጥቶ ፊቱን አጨማደደ። «ግማሽ ነው የተከፈተው። ይሄም አይረባም፣ መልሰው።»

ቴርሞሜትሩን አሳየሁት። 92 ይላል። ይህ ቴርሞስታት ጨርሶ የሚከፈተው 95 ላይ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ጣሳ ውስጥ ያለ ውሃ 92 ላይ ይፈላል፣ ከዚያ አያልፍም። ሞተር ውስጥ ግን የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን ጨቁኖ ስለሚይዘው ከ100 በላይም ሳይፈላ ይቆያል። ጣሳችን 95ን ሊያሳየን አይችልም።

ጋሼ ቴርሞሜትሩን ተቀብሎ ጣሳው ውስጥ መልሶ ነከረው። ጠበቀ። ያው 92። ከዚያ ቀስ ብሎ «ስንቱን ደህና ዕቃ ጥያለሁ ማለት ነው?» አለ። ምን እንደምመልስለት አላወቅሁም። ሰላሳ ዓመት የሠራ ሰው ነው። ዝም ብዬ ጣሳውን አወረድኩ።

ራሱ ነው የገጠመልኝ። አየር ማስወጫዋን ትንሽ ቫልቭ ወደ ላይ አዙሮ፣ ኩላንት ሞልቶ። አስነሳናት። የታችኛውን ቱቦ አብረን ያዝን። ቀዝቃዛ ነው። ስካነሩ 60 አለ፣ 70 አለ፣ አሁንም ቀዝቃዛ ነው። 84 ላይ ቱቦው ሞቀ። ጋሼ እጁን አላነሳም። ቆይቶ ጠመኔ ፈለገና የጋራዡ በር ላይ 92 ብሎ ጻፈ።

በሚቀጥለው ሳምንት እናቴን ይዤ ወደ ደጀን እወጣለሁ። ስካነሩ እንደተሰካ ነው።