ቧንቧውን ክፈትልኝ

እሺ፣ እየቀዳሁ ነው። ሰኞ እለቀዋለሁ ብዬ ዛሬ ሐሙስ መሆኑን አውቃለሁ፣ ስድባችሁን አንብቤዋለሁ። ማይኩም ያው ካልሲ የለበሰው ነው።

ስለ አባባ ነው። "የሌሊት ዘበኛው" እያልኩ ያሳቅኳችሁ ነገር አለ አይደል? ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ተነስተው ሽንት ቤት ሲመላለሱ፣ ያንን ራዲዮ ይዘው። ዓመት ሙሉ ቀለድንበት። እኔ ቀለድኩበት ማለቴ ነው፣ እናንተማ ምን አጠፋችሁ።

እሁድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። መብራት የለም። ስሜን ሲጠሩኝ የስልኬን ባትሪ አብርቼ ሄድኩ። ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቆመዋል፣ ላብ በላብ ሆነዋል። "ቧንቧውን ክፈትልኝ" አሉኝ። ከፈትኩ። ውሃው ይወርዳል፣ እኛ ቆመናል። ቆይተው "እምቢ አለኝ" አሉ። ምኑ እንደሆነ እንኳ አልጠሩትም።

እኔ ምን አደረግኩ? ጆግ ሙሉ ውሃ አመጣሁ። "ይጠጡ አባባ፣ ይገፋዋል።" የተማርኩት እኔ ነኛ! ሁለት ብርጭቆ ጠጡልኝ። መውጫ ለሌለው ነገር ከላይ ጨመርኩበት ማለት ነው። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆውን ሲመልሱልኝ... እሱ ነው ከዓይኔ አልጠፋ ያለው። ለካ ቀን ከ9 ሰዓት ጀምሮ ሽንት ጠብ አላለላቸውም። አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ! ለምን አልነገሩኝም? ግን አንቱ የምትሉት አባት ለልጁ እንዴት ብሎ ነው የሚነግረው?

ብቻ ደረስን። ካርዱን፣ ዘበኛውን፣ "ወረፋ ነው"ን እለፉት። ተረኛዋ ሐኪም ከእምብርታቸው በታች ጫን ስታደርግ ጮኹ። አባባ ጮኸው አያውቁም። ዱባ የዋጡ ነው የሚመስለው። እግርዎ ይዝላል? መቀመጫዎ አካባቢ ይደነዝዝዎታል? ሰገራ ያመልጥዎታል? ብላ ጠየቀች። ነገሩ ከጀርባ አጥንት ነርቭ የመጣ እንዳይሆን ነው፣ ያ ከሆነ ሌላ ጥድፊያ ነው። አይደለም።

ከዚያ ካቴተር፣ ያው ቱቦው። የመጀመሪያው አላልፍ አለ። አልታገለችም፣ ጫፉ ትንሽ ጎበጥ ያለ ሌላ አመጣች። እሱም ካላለፈ ከእምብርት በታች በቆዳ በኩል ይገባል አለችኝ፣ እኔ ግድግዳ ያዝኩ። አለፈ። እንዳይወጣ ጫፉ ላይ ያለችውን ፊኛ በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ ነፋችው። ፊኛ ውስጥ ፊኛ። በዚያ ሰዓት ይቺ አሳቀችኝ፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

1,100 ሚሊ ሊትር። ሰው እኮ 400፣ 500 ላይ ሲደርስ ነው መቀመጫ የሚያጣው። ከረጢቱ ሲሞላ አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው "ዘርሽ ይባረክ" አሏት። እሷ ደግሞ ለኩላሊት የደም ምርመራ አዘዘችና ሽንቱን በየሰዓቱ ለኩ አለች፤ ከተከፈተ በኋላ ከልክ በላይ ሊወርድና ሰውነት ሊያደርቅ ይችላል።

"ሰሞኑን የወሰዱት መድኃኒት አለ?"

የጉንፋን። እኔ የገዛሁት። ሱዶኤፌድሪንና ክሎርፌኒራሚን ያለበት። አንዱ የፊኛውን አንገት ያጠብቃል፣ ሌላው ፊኛው የሚገፋበትን ጉልበት ያሳጣል። ፕሮስቴታቸው፣ ከፊኛ ሥር ያለችው እጢ፣ ድሮም አብጦ መንገዱን አጥብቦታል። የሌሊቱ ዘበኝነት እሱ ነበር። "መድኃኒቱ ብቻውን አይደለም" አለችኝ፤ የጾሙ የሆድ ድርቀትም ይጫናል። ጨዋ ሐኪም ናት። ግን ፋርማሲው መስኮት ላይ "ዕድሜያቸው ስንት ነው?" ያለኝ የለም፣ እኔም አልነገርኩም... እሺ፣ እኔ ነኝ? አይ፣ ትንሽ እኔ ነኝ።

ታምሱሎሲን ጀመሩ፣ የፊኛውን አንገት የሚያላላ መድኃኒት ነው፣ 0.4 ሚሊ ግራም፣ ማታ ማታ። ሲነሱ ያዞራል ስለተባልን አልጋ ላይ ቁጭ ብለው ነው የሚነሱት። ሦስት ቀን ከረጢቱን በጋቢ ሸፍነው ጠያቂ ተቀበሉ። እትዬ የገብስ ውሃ ይዘው መጡ። አባባ እኔን አዩኝ፣ እኔ ጣሪያውን።

ቱቦው ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወጣ። መድኃኒቱ ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው የሚሞከረው። ካልሸኑ ተመልሶ ይገባል፣ ከዚያ ምናልባት ኦፕራሲዮን። አሁን 7 ሰዓት ሊሆን ነው። መጠኑን ለኩ ስለተባለ ባዶ ሃይላንድ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ሁለቴ ገብተው ወጥተዋል። ስንት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ልጠይቅ ተነስቼ ነው እዚህ የተቀመጥኩት።

ይህንንም ልልቀቀው አልልቀቀው እንጃ። "ለእናትህ እንኳን በዝርዝር አትንገር" ብለውኛል፣ እኔ ደግሞ ለእናንተ... ቆይ፣ ራዲዮው ጠፋ። እየተነሱ ነው መሰለኝ።