«በአድሚን ይሠራል» ከተባለ በኋላ

እንደምን አደራችሁ፣ የኮምፒውተር ላብ ባለሙያዎችና ባልደረቦቼ።

ጠዋት በጠዋት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ሁላችንም ስለሰለቸን አንድ አቤቱታ ነው። «በአድሚን ይሠራል፣ በተማሪው አካውንት እምቢ ይላል።» ፕሪንተር ላይ እንሰማዋለን። ስካነር ላይ እንሰማዋለን። ካሜራ፣ ማይክ፣ ተማሪ ኮድ የሚጭንበት አርዱዊኖ የሚባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይም ያው ነው። ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ ተማሪውን አድሚን፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ፣ እናደርገውና እንገላገላለን፣ ወይ «ፎርማት ይደረግ» ብለን እንፈርዳለን።

እስቲ አቤቱታውን ደግማችሁ ስሙት። የምርመራውን ግማሽ ሠርቶ ሰጥቷችኋል እኮ። ዕቃው በዚያው ማሽን፣ በዚያው ፖርት፣ በዚያው ፕሮግራም ለአድሚን ከሠራ፣ ኬብሉ ደህና ነው። ፖርቱም ደህና ነው። ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ድራይቨርም ተጭኗል። ከዚህ በኋላ ኬብል መቀያየር ከንቱ ድካም ነው። የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ይህን ተጠቃሚ የከለከለው ምንድን ነው?

አድሚን ማድረግ ይህን ጥያቄ አይመልስም፣ ያዳፍነዋል። የላብ ማሽን ደግሞ የአንድ ሰው አይደለም። ጠዋት አንዱ ይቀመጥበታል፣ ከሰዓት ሌላው። ተማሪው ይዞት የመጣው ፍላሽ ላይ ቫይረስ ካለ፣ በተራ አካውንት ሲከፈት ጉዳቱ በአብዛኛው እዚያው አካውንት ውስጥ ይቀራል። በአድሚን ሲከፈት ማሽኑን በሙሉ ሊወርስ ይችላል። የአንድ ፕሪንተር ችግር ለማቃለል ይህን ያህል መክፈል ያስከፋል። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለእኛም ሥራ ይሆናል።

ሰፋ አድርጌ የማየው የአርዱዊኖውን ነው። ከሁሉም በላይ ጠርቶ የሚታይ እሱ ስለሆነ ነው። ማሽኑ ላይ ያለው ኡቡንቱ የሚባለው የሊነክስ ዓይነት ነው እንበል። ተማሪዋ ቦርዱን ሰክታ ኮዷን ልትጭን ስትል «ፐርሚሽን ዲናይድ»፣ ፈቃድ የለሽም፣ ይላታል። «ቲቸር፣ ቦርዱ ተበላሽቷል» ትላለች። አልተበላሸም። ተርሚናል፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ክፈቱና የፖርቱን ፋይል ኤል ኤስ ሰረዝ ኤል በሚለው ትእዛዝ እዩት። ሊነክስ ላይ አብዛኛው ዕቃ ዴቭ በሚባለው ፎልደር ውስጥ እንደ ፋይል ይታያል። ቦርዱ እንደዓይነቱ ቲቲዋይ-ዩኤስቢ-0 ወይም ቲቲዋይ-ኤሲኤም-0 ተብሎ እዚያ ይቀመጣል።

የምታዩት መስመር በሲ ይጀምራል። ከሲ ቀጥሎ አር፣ ደብሊው፣ ሰረዝ። አሁንም አር፣ ደብሊው፣ ሰረዝ። ከዚያ ሦስት ሰረዝ ተከታትሎ ይመጣል። ቀጥሎ «ሩት» የሚል ስም አለ፣ ከጎኑ ደግሞ «ዲያልአውት» የሚል። ንባቡ እንዲህ ነው፤ አር ማንበብ፣ ደብሊው መጻፍ ማለት ነው። ባለቤቱ ሩት፣ የሊነክስ ዋናው አድሚን፣ ማንበብም መጻፍም ይችላል። የዲያልአውት ግሩፕ አባል የሆነም እንዲሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ሦስት ሰረዝ ነው የደረሰው፤ ምንም አይችልም ማለት ነው። ተማሪዋ ከሦስቱ ሰረዞች ወገን ናት። ያ ነው የተከለከለችበት ምክንያት። መፍትሔውም እዚያው መስመር ላይ ተጽፏል፦ ዲያልአውት ግሩፕ ውስጥ አስገቧት። ኡቡንቱ፣ ዴቢያንና ፌዶራ በሚባሉት የሊነክስ ዓይነቶች ላይ ስሙ ይኸው ነው። አርች የምትጠቀሙ ካላችሁ ደግሞ «ዩዩሲፒ» የሚለውን ፈልጉ።

ስታስገቧት ጥንቃቄ አለው። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ዩዘርሞድ የሚለውን ትእዛዝ ነው። ከትልቋ ጂ በፊት ትንሿን ኤ ጻፉ። ትንሿ ኤ «ጨምር» ማለት ናት። እሷን ከረሳችሁ ትእዛዙ ተጠቃሚውን ከሌሎቹ ተጨማሪ ግሩፖች ሁሉ አውጥቶ ዲያልአውት ውስጥ ብቻ ይተወዋል። ይህን በራሳችሁ አካውንት ላይ ካደረጋችሁት የአድሚን ሥልጣን ከሚሰጠው ከሱዶ ግሩፕም ትወጣላችሁ፤ ሌላ አድሚን ከሌለ መመለሻው ማሽኑን በሪከቨሪ ሞድ፣ በጥገና ሁኔታ፣ ማስነሳት ነው። እኔ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ አድዩዘር የሚለውን እመርጣለሁ። የተጠቃሚውን ስም፣ ቀጥሎ የግሩፑን ስም ትሰጡታላችሁ፣ ይጨምራል፣ በቃ።

አሁን ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ቦታ ደረስን። ግሩፑ ውስጥ ገብታለች፣ ግን አሁንም «ፐርሚሽን ዲናይድ»። ግሩፕ እንደ በር ላይ ባጅ ነው። ጠዋት ስትገቡ የተሰጣችሁን ባጅ ይዛችሁ ቀኑን ሙሉ ትዘዋወራላችሁ፤ ቢሮ ውስጥ መዝገቡ ላይ ስማችሁ ቢታከል ደረታችሁ ላይ ያለው ባጅ አይለወጥም። ኮምፒውተሩም የተጠቃሚውን ግሩፖች የሚያነበው ሎግኢን ሲደረግ ነው። ስለዚህ ሎግአውት አድርጋ መመለስ አለባት። ተርሚናሉን ዘግቶ መክፈት አይበቃም።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። አይዲ ብላችሁ ብቻ ጻፉ። ቀጥሎ አይዲ ብላችሁ የተጠቃሚዋን ስም ጨምሩበት። ያለ ስም የተጻፈው የሚያሳየው አሁን በእጇ ያለውን ነው። ከስም ጋር የተጻፈው መዝገቡ ላይ ያለውን ነው። ሁለተኛው ላይ ዲያልአውት ታይቶ አንደኛው ላይ ከሌለ፣ ሥራችሁ ትክክል ነው፤ የቀረው ገና እንደ አዲስ አለመግባቷ ብቻ ነው። አንዳንዴ ሎግአውት አድርጋም ሁለቱ አይገጥሙም። ከኋላ የሚሠራ የአሮጌው ሴሽን ርዝራዥ ቀርቶ ነው። ያኔ ሪስታርት አድርጉት። ሪስታርትን እንደ መድኃኒት ለሁሉ ማዘዝ አልወድም፣ እዚህ ጋ ግን ምክንያቱን አውቃችሁ ነው የምታዙት።

ሁለት አቋራጮች አሉ፣ ሁለቱንም አልመክርም። አንዱ ፋይሉን ፈቃድ በሚቀይረው ትእዛዝ፣ ቺሞድ 666 ብሎ፣ ለሁሉ መክፈት ነው። ይሠራል፣ ቦርዱ ተነቅሎ እስኪሰካ ድረስ። ሲሰካ ፋይሉ እንደ አዲስ ስለሚፈጠር ፈቃዱ ይጠፋል፣ ተማሪዋም ተመልሳ ትመጣለች። ሌላው ፕሮግራሙን በሱዶ፣ ማለትም በሩት ሥልጣን፣ መክፈት ነው። ይህ ይብሳል። በሱዶ የተከፈተው ፕሮግራም በተማሪዋ ፎልደር ውስጥ የሩት የሆኑ ፋይሎች ሊጥል ይችላል። በማግስቱ በራሷ ስትከፍተው ፕሮግራሙ የራሱን ፋይል መጻፍ ያቅተዋል። አንድ ችግር ይዛችሁ ገብታችሁ ሁለት ይዛችሁ ወጣችሁ ማለት ነው።

ስለ አርዱዊኖ የመጨረሻው። የፈቃድ ችግር መስሎ የሚመጣ፣ ግን ያልሆነ አለ። ርካሾቹ ኮፒ ቦርዶች ሲኤች340 የሚባል ቺፕ አላቸው። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ይህን ቦርድ ስትሰኩ ፖርቱ ብቅ ብሎ ወዲያው ሊጠፋ ይችላል። የሲስተሙን መልእክቶች ዲሜሴጅ በሚለው ትእዛዝ ብታዩ «ብርልቲቲዋይ» የሚል ስም ታገኛላችሁ። ለዓይነ ስውራን የብሬል ማሳያ የሚያገለግል ፕሮግራም ነው። ቺፑን የብሬል መሣሪያ መስሎት ይነጥቃል። ለመለየት ቀላል ነው፦ ይህኛው በአድሚንም አይሠራም። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ምክር «አጥፉት» የሚል ነው። እባካችሁ ከማጥፋታችሁ በፊት በዚያ ማሽን የብሬል ማሳያ የሚጠቀም ተማሪ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። ካለ ፕሮግራሙን ተዉትና ያንን ቺፕ የሚመለከተውን የዩዴቭ ደንብ፣ ዕቃው ሲሰካ ምን ይደረግ የሚለውን፣ ብቻ አንሱ።

ድምፅና ካሜራ ሊነክስ ላይ ለየት ይላሉ። እዚያ ፈቃዱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማሽኑ ፊት ለተቀመጠው ሰው ነው። ኤል ኤስ ስታደርጉ ከፊደሎቹ መጨረሻ የመደመር ምልክት ታያላችሁ። ምልክቱ ተጨማሪ የፈቃድ ዝርዝር አለ ማለት ነው፤ ጌትፋክል ብላችሁ ብትከፍቱት አሁን የተቀመጠው ሰው ስም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሰው ሲቀየር ስሙም ይቀየራል። በኤስኤስኤች ከርቀት የገባ ሰው ግን ማሽኑ ፊት ስላልተቀመጠ ድምፅ የለውም። «ኦዲዮ ግሩፕ ውስጥ ጨምሩት» የሚል ምክር ሲሰጣችሁ ቆም በሉ። የዚያ ግሩፕ አባል ሌላ ተማሪ ተቀምጦ ሳለ ከርቀት ገብቶ ማይኩን ሊያዳምጥ ይችላል። ክልከላው በደንብ ታስቦበት የተደረገ ነው።

ወደ ዊንዶውስ እንለፍ። እዚህ ራስ ምታታችን ፕሪንተር ነው። «ድሮ ተማሪው ራሱ ከሰርቨሩ ላይ መርጦ ይጨምር ነበር፣ አሁን የአድሚን ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ምን ተለወጠ?» ትሉኛላችሁ። የተለወጠው በ2021 ነው። በዚያ ዓመት ክረምት ላይ ፕሪንትናይትሜር የተባለ የደህንነት ቀዳዳ ይፋ ሆነ። የፕሪንት አገልግሎቱ፣ ስፑለር የምንለው፣ የሚሠራው በሲስተም ሥልጣን ነው። ተራ ተጠቃሚ ድራይቨር አስመስሎ የራሱን ኮድ ቢያቀርብለት ስፑለሩ በዚያ ትልቅ ሥልጣን ያስኬድለት ነበር። ማይክሮሶፍት ኦገስት 10፣ 2021 ባወጣው አፕዴት ከፕሪንት ሰርቨር ድራይቨር መጫንን ለአድሚን ብቻ አደረገው።

ይህን መልሶ የሚከፍት ቁልፍ በሬጂስትሪ፣ በዊንዶውስ የሴቲንግ መዝገብ፣ ውስጥ አለ። ቁልፉን ዜሮ አድርጉት የሚሉ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። ዜሮ ስታደርጉት ያን ቀዳዳ በገዛ እጃችሁ ትከፍታላችሁ። ይልቅ ሴሚስተር ከመጀመሩ በፊት ድራይቨሩን በአድሚን በየማሽኑ ጫኑ። ፒኤንፒዩቲል የሚባለው ከዊንዶውሱ ጋር የሚመጣ መሣሪያ ለዚህ ይሆናችኋል፤ የድራይቨሩን አይኤንኤፍ ፋይል ትሰጡታላችሁ፣ የዊንዶውሱ የድራይቨር ማከማቻ ውስጥ ያስገባዋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሰርቨሩ ላይ ያለው ድራይቨርና ማሽኑ ላይ ያለው ቨርዥናቸው አንድ ይሁን። ካልገጠሙ ማሽኑ አዲሱን ላውርድ ብሎ ያንኑ ፓስወርድ ይጠይቃል። «ጭኜዋለሁ እኮ፣ አሁንም ይጠይቃል» የሚለው እሮሮ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ይህ ነው።

ካሜራ ዊንዶውስ ላይ ቀላል ነው፣ ግን ያታልላል። ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ የሚለው ጋ የካሜራ ማብሪያዎች አሉ። አንዱ የማሽኑ ነው፣ የሚነካው አድሚን ነው። ሌሎቹ የየተጠቃሚው ናቸው። በእናንተ አካውንት በርቶ በተማሪው ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ «በአድሚን ይሠራል» ስትሉ የፈተናችሁት የራሳችሁን ማብሪያ ነው። ተማሪው አካውንት ውስጥ ገብታችሁ እዩት፣ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞችን የሚመለከተውን ለይታችሁ እዩ።

አሮጌ ስካነሮች ደግሞ የራሳቸው አመል አላቸው። ስካነሩ ደህና ነው፣ ፈቃዱም አለ፣ ፕሮግራሙ ግን ሴቲንጉን ፕሮግራም ፋይልስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ካልጻፍኩ ይላል። ተራ ተጠቃሚ እዚያ መጻፍ አይችልም። ፕሮግራሙም እውነቱን አይናገር፣ «ስካነር አልተገኘም» ብሎ ዕቃው ላይ ያላክካል። ይህን የሚያጋልጥ ፕሮሰስ ሞኒተር የሚባል ነፃ መሣሪያ ማይክሮሶፍት ራሱ ይሰጣል። በአድሚን ክፈቱት፣ ተማሪው ፕሮግራሙን ያስነሳ፣ «አክሰስ ዲናይድ» የሚለውን ብቻ አጣሩ። የትኛው ፋይል ላይ እንደተያዘ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ፈቃድ ስጡ፣ ግን ለዚያ ለአንዱ የሴቲንግ ፋይል ብቻ። ፎልደሩን በሙሉ ከከፈታችሁ ተማሪ ፕሮግራሙን ራሱን በሌላ ሊተካው ይችላል፣ ቀጥሎ የሚከፍተው ደግሞ አድሚን ሊሆን ይችላል።

ፍላሽ ላይ አልቆይም። ፍላሽ በተማሪ አካውንት የማይከፈተው ብዙ ጊዜ በግሩፕ ፖሊሲ፣ አድሚን በማሽኖች ላይ በሚያወጣው ደንብ፣ ሆን ተብሎ ስለተዘጋ ነው። ከመክፈታችሁ በፊት ማን እንደዘጋው፣ ለምን እንደዘጋው ጠይቁ። ከእናንተ በፊት የነበረው ባለሙያ በቫይረስ ተንገፍግፎ ሊሆን ይችላል።

አንድ ልምምድ እንድትጀምሩ እለምናችኋለሁ። በጥገና መዝገባችሁ ላይ «ፕሪንተር አይሠራም፣ ተስተካክሏል» ብላችሁ አትዝጉ። የትኛው አካውንት፣ መልእክቱ ቃል በቃል ምን አለ፣ ከልካዩ ምን ሆኖ ተገኘ፣ ይጻፍ። ፈረቃ ስትቀያየሩ ቀጣዩ ሰው ከዜሮ አይጀምርም።

ከሻይ በኋላ ላብ ውስጥ ማሽኖች ተዘጋጅተዋል። የተማሪ አካውንት አለ፣ ቦርድ አለ፣ ግሩፑ ሆን ተብሎ አልተሞላም። የአድሚን ፓስወርዱን የምሰጣችሁ የከለከለውን ነገር በስሙ ስትነግሩኝ ነው። እስከዚያ ጥያቄ ካለ ልቀበል። አመሰግናለሁ።