ስለ ስቲቭ ክላርክ ማን ያወራል?

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ ተከላካይ ላውራችሁ።

ስቲቭ ክላርክ። የቼልሲ ደጋፊዎች ከአሰልጣኙ ከሞሪንሆ ጎን ታስታውሱት ይሆናል። ከ2004 እስከ 2007 ምክትሉ ነበር። ያኔ ካሜራው ሁሉ ሞሪንሆ ላይ ነው፤ አጠገቡ ያለውን ስኮትላንዳዊ ማን ልብ ይላል?

ሰውዬው ግን በዚያው ክለብ 11 ዓመት ተጫውቷል። የቀኝ መስመር ተከላካይ። በ1987 ከሴንት ሚረን መጣ፣ 421 ጨዋታ አደረገ። ጎሉ ስንት መሰላችሁ? 10 ብቻ! እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አሰልጣኝ በመጣ ቁጥር ቡድን ይፈርሳል፣ አይደል? ሆድል መጣ፣ ጉሊት መጣ፣ ቪያሊ መጣ። ሦስቱም አሰለፉት። ሦስቱም ራሳቸው ኳስ የሚያሽሞነሙኑ ኮከቦች ነበሩ እኮ። የመጨረሻ ጨዋታው በ1998 ስቶክሆልም ላይ ነው። ስቱትጋርትን 1 ለ 0 አሸንፈው የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ አነሱ። ጎሉን ያገባው ዞላ ነው። ዞላ በኋላ ዌስትሃምን ሲይዝ ምክትሉ ማን ሆነ? ክላርክ።

ዋና አሰልጣኝ ሲሆን "ፈሪ ነው፣ ኳሱ ያስተኛል" ተባለ። አልዋሽም፣ አንዳንዴ እውነት ነው። በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ እሱ ያሰለጠናት ስኮትላንድ በጀርመን 5 ለ 1 ተቀጣች። ከሀንጋሪ ጋር ማሸነፍ ግድ ሆኖባት ሳለ ያየሁት ጨዋታ አናደደኝ፤ ጭራሽ ባለቀ ሰዓት ገባባት።

ግን ይሄን እዩልኝ። አሰልጣኙ ፈርጉሰን ማንችስተር ዩናይትድን የተሰናበተበት የ2013ቱ ጨዋታ 5 ለ 5 ነው ያለቀው። ዌስትብሮምን ያሰለጥን የነበረው ይሄው "ፈሪ" ነው! 5 ለ 2 እየተመሩ ነው አቻ የወጡት። በኅዳር 2025 ደግሞ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ስኮትላንድ ሜዳ ሃምፕደን ላይ ዴንማርክ መጣች። ለዴንማርክ አቻ ይበቃታል፣ ስኮትላንድ ማሸነፍ አለባት። ማክቶሚናይ ገና በ3ኛው ደቂቃ በመቀስ ምት አገባ። ዴንማርኮች ሁለቴ አቻ አደረጉ። 2 ለ 2 ሆኖ መደበኛው ሰዓት አለቀ። ከዚያ ቲየርኒ አገባ፤ ማክሊን ደግሞ ከመሀል ሜዳ አካባቢ ለቀቃት፣ 4 ለ 2! ከ1998 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም ዋንጫ።

እኔ ይሄን ዕድል አልለውም። በ2020ም ሰርቢያን በፍፁም ቅጣት ምት ጥሎ ነው ለአውሮፓ ዋንጫ ያለፈው። ቡድኑ ቶሎ አይበተንም። 90ኛው ደቂቃ ላይ አሁንም ጨዋታው ውስጥ ነው። ተከላካይ ያሰለጠነው ቡድን ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው፤ ጥበቡ ባያምርም።

ስኮትላንድን ለሦስት ትልልቅ ውድድሮች ያበቃ የመጀመሪያው አሰልጣኝ እሱ ነው። ለራሷ ለስኮትላንድ በተጫዋችነት ስንት ጊዜ ተሰለፈ? ስድስት ጊዜ። የዛን ጊዜ የብሔራዊ ቡድኑን ተጫዋች መራጮች አግኝቼ ብጠይቃቸው ደስ ባለኝ።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።