የጣሪያው ውሃ የት ይሄዳል?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። አንድ ጉዳይ ሆዴ ውስጥ ሲመላለስ ከርሟልና እሱን ላውራችሁ።

የእናቴ ቤት ጉዳይ ነው። አቃቂ ነው ያለው። አባታችን ያሠራው፣ የድንጋይ መሠረት ያለው የብሎኬት ቤት። አቃቂን የሚያውቅ አፈሩን ያውቀዋል። ጥቁር ነው፣ ዋልካ። በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል። በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ላዩ ላይ የተቀመጠው ቤትም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ሁሉም ጥግ እኩል ቢነሳ እኩል ቢወርድ ባልከፋ። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀራል፣ ግድግዳው መሀል ላይ ይቀደዳል።

የእኛ ከሳሎኑ መስኮት ጥግ ነው የጀመረው። የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ፣ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ወደ ታች ወረደ። መጀመሪያ ፀጉር ያክል ነበር። ኋላ ሳንቲም የሚያስገባ ሆነ። እናቴ እንግዳ እንዳያየው ካላንደር ሰቅላበት ነበር። ካላንደሩን ያነሳሁ ቀን ደነገጥኩ።

መጀመሪያ የመጣው ሰውዬ በደላላ የተገኘ ነው። አምስት ደቂቃ አልቆየም። ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና «ይሄማ ምንም አይደል፣ ልስኑ ነው» አለ። ዋሽንግተን ያለው ወንድሜ በስልክ ዋጋ ተስማማ፣ ብሩን ላከ። ስንጥቁ ተፈልፍሎ በሲሚንቶ ተደፈነ፣ ተለሰነ፣ ተቀባ። ቤቱ ፏ አለ። እናቴ መረቀችው። ክረምቱ አለፈ፣ መሬቱ መድረቅ ጀመረ። ስንጥቁ በዚያው መንገድ፣ በአዲሱ ቀለም ላይ ተመለሰ። ሰውየው ስልክ አያነሳም።

ያኔ ያናደደኝ ብሩ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የሚያመኝ ሌላ ነው። ቤቱ ተሠርቷል ብለን ስንተኛ ያ ጥግ መስመጡን አላቆመም ነበር።

ሁለተኛው ድርጅት ነው። ስሙን አልጠራም። ሁለት ወጣቶች ሄልሜት አድርገው፣ ታብሌት ይዘው መጡ። አነጋገራቸው ማር ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ይባል የለ? ቤቱን ዙሪያውን ቆፍረን ኮንክሪት እንሞላዋለን አሉ። በአንድ ሳምንት። 70 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ። «ዛሬ ካልከፈላችሁ ሰኞ ሲሚንቶ ይጨምራል» አሉኝ። ከወረዳ የጥገና ፈቃድ ማውጣት የለብንም ወይ ስላቸው፣ «እሱን ለእኛ ተዉት፣ ማታ ማታ እንሠራዋለን» አሉ።

ልፈርም ነበር። እስክሪብቶውን ይዤ ነበር። ደግነቱ የሕግ ባለሙያ የሆነች ጓደኛዬ ውሉን ላንብበው አለችኝ። አንብባ ስታበቃ አንዲት መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ድርጅቱ ለሥራው የሚሰጠው ዋስትና ለ1 ዓመት ብቻ ነው» ይላል። እሷ ምን አለችኝ መሰላችሁ? በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3039 ላይ፣ የሥራ ተቋራጭ ለሠራው ግንባታ ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ ነው። ጉዳቱ ከአሠራሩ ጉድለት ቢመጣ ብቻ አይደለም፣ ሥራው ካረፈበት መሬት ጠባይ ቢመጣም ተጠያቂ ነው። ዘመኑን የሚያሳጥር የውል ቃልም ዋጋ የለውም።

እኔ ይሄን ስሰማ ዝም ነው ያልኩት። እኛ አገር ስንት ሰው «አፈሩ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?» ተብሎ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገብቷል! ግን ደግሞ ጓደኛዬ አስጠነቀቀችኝ። ሕጉን ይዘሽ የምትሄጂው ሰውየውን ካገኘሽው ነው አለችኝ። የጽሑፍ ውል፣ በዘመኑ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የቲን ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ከሌለ ማንን ትከሺያለሽ? የመጀመሪያውን ሰውዬ ሙሉ ስም እንኳን አናውቀውም ነበር። ውጭ አገር ሆናችሁ ለቤተሰብ ቤት ብር የምትልኩ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ይሄን ልብ በሉ። ወንድሜ ብሩን የላከው በአንድ የስልክ ቁጥር አምኖ ነው።

ሦስተኛውን ያገኘነው በጎረቤት ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ሰው ስንመርጥ የምንጠያይቀው ምንድን ነው? ዘመድ ነው ወይ፣ ጥሩ ሰው ነው ወይ፣ ሃይማኖተኛ ነው ወይ። ጎረቤታችን ከዚህ አንዱንም አልነገረችኝም። «እኔ ቤት ከሠራ አራት ክረምት አለፈ፣ ነይና እዪው» ነው ያለችኝ። ሄድኩ። ባለሙያው በሌለበት፣ ቡና እየጠጣን፣ የተሠራውን ጥግ አየሁት፣ በእጄ ዳሰስኩት። ባለፈው ወር ያለቀ ሥራ ቢያሳዩኝ ምን አውቃለሁ? አዲስ ልስን ሁሉ ያምራል። ዋልካ ላይ የቆመን ሥራ የሚፈትነው ዝናብና ፀሐይ ነው።

ሰውየው ሲመጣ ቤት አልገባም። ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረው። ከዚያ የጠየቀኝን ጥያቄ እስካሁን አልረሳውም። «የጣሪያው ውሃ የት ይሄዳል?»

እኔ አላውቅም ነበር። ቀና ብለን አየን። የአሸንዳው መውረጃ ቱቦ ከመሀሉ ተሰብሯል። ያ ሁሉ የክረምት ውሃ የሚወርደው ሳሎኑ መስኮት ሥር፣ መሠረቱ ላይ ነው። ሮቶውም ሲሞላ የሚፈሰው እዚያው ነው። ለስንት ዓመት እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ቀጥሎ እናቴን ጠየቃት። «እናቴ፣ በሩ የሚያስቸግርዎት በየትኛው ወር ነው?»

እናቴ ቀና አለች። «ነሐሴ ላይ አይዘጋም፣ በትከሻዬ ነው የምገፋው። ከገና ወዲህ ደግሞ ደህና ይሆናል» አለችው። ሰውየው ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። እንዳለችው፣ ቃል በቃል። የዚያን ጊዜ የእናቴን ፊት ብታዩት! ያን ቤት ስንት ዘመን የኖረችበት እሷ ናት። እስከዚያ ቀን ከመጡት ውስጥ አንዱም ጠይቋት አያውቅም።

ከዚያ በድሮ የቀለም ጣሳ ክዳን ላይ ጀሶ በጠበጠ። ስንጥቁ ላይ ሦስት ቦታ፣ የክብሪት ቀፎ በሚያክል መጠን ለጠፈው። በእርሳስ ቀኑን ጻፈበት። «ጀሶ አይሳብም፤ ግድግዳው ትንሽ ከሄደ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ ቤቱ ገና አልቆመም ማለት ነው» አለኝ። ጥጉ ጋ ጠባብ ጉድጓድ አስቆፍሮ መሠረቱ የት እንደሚያልቅ አየ። ድንጋዩ ሜትር ሳይሞላ ያልቃል። ከሥሩ ጥቁር አፈር፣ እርጥብ፣ በጣት ሲጫኑት የሚገባ።

እንግዲህ መቼ ትጀምራለህ አልነው። «አሁን አልጀምርም። መጀመሪያ ውሃውን አስተካክሉ። ክረምቱም በጋውም ይለፍ፣ ጀሶው ይንገረን» አለ። የመጣበትን ተቀብሎ ሄደ። እናቴ ተናደደች። «የመጣው ሁሉ እሠራለሁ ሲል፣ ይሄ ደግሞ ቁጭ በሉ ይለናል!» እኔም ተጠራጥሬ ነበር። ሥራ የማይፈልግ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም።

አሸንዳውን አሠራን። ውሃውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቦይ ተቆፈረ። በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ሲሚንቶ ተነጠፈ፣ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። በጥር ሰውየው ተመልሶ መጣ። ከሦስቱ ጀሶ ሁለቱ እንዳሉ ናቸው። ጥጉ ጋ ያለው ብቻ ተሰንጥቋል።

ስለዚህ የሚሠራው ያ ጥግ ብቻ ሆነ። አራት ሜትር። ድርጅቱ የቤቱን ዙሪያ በሙሉ ሊቆፍር ነበር እኮ!

ሥራውን ቆሜ አየሁት። ግድግዳውን በጠመኔ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ ከፈለው፣ እያንዳንዱ ሜትር ሜትር። መጀመሪያ 1 እና 3 ሥራቸው ተቆፈረ፣ ፌሮ ታሰረ፣ ኮንክሪት ተሞላ። ያ እስኪጠና 2 እና 4 አልተነኩም። ለምን ስለው፣ «ሁሉንም ባንዴ ብቆፍረው ግድግዳውን ምን ይሸከመዋል?» አለኝ። የድርጅቱ ልጆች «ዙሪያውን በአንድ ሳምንት» ያሉት ትዝ ሲለኝ ሰውነቴን ወረረኝ። እናቴ እዚያ ውስጥ ነው የምትተኛው።

ክፍያውንም ያቀረበው ራሱ ነው። ጉድጓዱ አልቆ ስናየው፣ ፌሮው ታስሮ ስናየው፣ ኮንክሪቱ ሲሞላ፣ በየደረጃው። 10 በመቶው ቀጣዩ ክረምት እስኪያልፍ እኛ ጋ ይቆይ አለ። አፈር ሳይመለስበት በፊት እያንዳንዱን ጉድጓድ ሜትር አስቀምጠን ፎቶ አነሳን፣ ለወንድሜ ላክንለት። ቀለም ቢበላሽ ታየዋለህ። መሠረት ግን ከተቀበረ ተቀበረ፣ ማን ቆፍሮ ያየዋል? ኮንክሪቱ ጆንያ ለበሰ። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ማታ ውሃ ያጠጣችው እናቴ ናት። ሌላ ሰው አታስነካም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አለፈ። ያስቀረነውን 10 በመቶ የመጀመሪያው ክረምት እንዳለፈ ሰጠነው። ነሐሴ ላይ በሩን በአንድ እጄ ዘጋሁት።

ባለፈው ወር ሳሎኑን ልናስቀባ ቀለም ቀቢ አመጣሁ። ሰውየው ሥራው ካለቀ በኋላ ጥጉ ላይ የለጠፋት አዲሷ ጀሶ እንዳለች ናት፣ ቀኑም በእርሳስ ይነበባል። ቀቢው ሊፍቃት መፋቂያውን ሲያነሳ እናቴ ከጓዳ ድምጿን ሰማሁ። «እሷን እንዳትነካብኝ!» አለችው። ቀለሙ ተቀባ። ጀሶዋ ከነቀኗ እዚያው ናት። ካላንደሩን ሌላ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።