ክልከላው አላዳነንም

እንደምን ዋላችሁ ወላጆች፣ አካም ኦልተን!

ዛሬ የምለምናችሁ ልጆቻችሁን ዋና እንድታስተምሩ ነው። እኔ የዚሁ የጅማ ልጅ ነኝ። አዌቱ ወንዝ ውስጥ ስንቦጫረቅ ነው ያደግሁት፣ በድብቅ ነው ታዲያ። ቤት ስገባ እናቴ ክንዴን በጥፍሯ ጫር ታደርገዋለች። ነጭ መስመር ከወጣ ወንዝ ገብቻለሁ ማለት ነው፣ አለቀልኝ! እኛም ብልጥ ሆንንና ከወንዝ ስንወጣ ቫዝሊን መቀባት ጀመርን። እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፣ ወይ ተጭራችኋል ወይ ጭራችኋል።

እናቴን አልወቅሳትም፣ ፈርታ ነው። ግን ቁጣዋ ወንዝ ከመሄድ አላስቀረኝም፣ የት እንዳለሁ እንዳታውቅ ብቻ ነው ያደረጋት። ዋና ያስተማረኝም አዋቂ ሳይሆን በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ልጅ ነው። አንድ ሐምሌ ላይ ከመካከላችን አንዱ ገብቶ ቀረ። ሁላችንም ዳር ላይ ነበርን። አልጮኸም። የሚሰጥም ልጅ ይጮኻል ብላችሁ አትጠብቁ፣ አፉ ከውሃ በላይ ብቅ የሚለው ለትንፋሽ እንኳን ስለማይበቃው ለጩኸት ጊዜ የለውም። ይህን ያወቅሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 300 ሺህ ያህል ሰው ሰጥሞ እንደሞተ ይገምታል፣ ከአራቱ አንዱ ገደማ 5 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው። የእኛን ከተማ አስቡት እስቲ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው መቼ ነው? ሐምሌና ነሐሴ። አዌቱ ደፍርሶ የሚሞላውስ? ያኔውኑ። ለጡብ አፈር የወጣባቸው ጉድጓዶችም ያኔ ውሃ ይይዛሉ፣ ከላይ ሲታዩ የተረጋጉ ናቸው፣ ጥልቀታቸውን ግን ማንም አያውቅም። ልጆቻችን ሥራ ፈትተው የሚውሉት ውሃው በሚከፋበት ወር ነው። ስለዚህ ዋና ማስተማር ያለብን ቀደም ብለን፣ በበጋው ነው።

«ገንዳ የት አለን?» የሚለኝ ብዙ ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ በመንደር ኩሬ ላይ የቀርከሃ መድረክ ሠርተው፣ ከ4 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆችን ያስተምራሉ፣ የተማሩት ልጆች የመስጠም አደጋም በጣም ቀንሷል። እኛ ዘንድ ቦታው ተመርጦ ነው እንጂ፣ ቦዬ ረግረግ ሄዳችሁ ከጉማሬ ጋር አስተምሩ እያልኩ አይደለም።

መጀመሪያ የሚማሩት ፍጥነት አይደለም። በጀርባ መንሳፈፍ፣ ውሃ ውስጥ ትንፋሽ ማውጣት፣ ከወደቁበት ዞሮ ዳር መያዝ ነው። ልጁ ጓደኛው ሲሰጥም ዘሎ እንዳይገባም ይማራል፣ ባዶ ጀሪካን ከድኖ ይወረውርለታል፣ ረጅም እንጨት ያቀብለዋል፣ ሰው ይጠራል። ደግሞም ዋና የቻለ ልጅ የክረምት ጎርፍ አያሸንፍም፣ ይህንንም አብረን እንነግረዋለን።

ሴት ልጆቻችሁን አትርሱብኝ። ውሃ የሚቀዱት እነሱ ናቸው፣ ዋና የሚያስተምራቸው ግን የለም። ሰውነት የሚሸፍን ልብስ ለብሰው ይማራሉ፣ አስተማሪዋም ሴት ትሆናለች። ሰይዲና ዑመር «ልጆቻችሁን ዋና አስተምሩ» ብለዋል ሲባል ከአባቶች ሰምተን የለ?

ሌላም ጥቅም አለው፣ ልብና ሳንባ ያጠነክራል፣ መሮጥ የሚከብደው ልጅ እንኳን ውሃ ውስጥ ይቀለዋል። ለእኔ ግን የበለጠው ሌላ ነው። ፈርቶ የገባ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በጀርባው ሲንሳፈፍ ፊቱን ብታዩት!

የዋና ትምህርቱ ምዝገባ ከበሩ አጠገብ ነው፣ የልጁን ዕድሜና ሕመም ካለበትም ሕመሙን ጻፉ። ፎጣና ቅያሪ ልብስ ያምጡ። እናንተም አብራችሁ ኑ፣ ጥላችሁ አትሂዱ። ልጁ መጀመሪያ የሚፈልገው ዳር ላይ የእናንተን ፊት ነው።