ምስሉ የወጣበት መቅደስ

እንደምን አመሻችሁ! ማታ ታክሲ ተጋፍታችሁ ስለ ቅርስ ልትሰሙ መምጣታችሁ ራሱ ደስ ይላል።

ዛሬ የማወራችሁ ሰሜን ምስራቅ ሕንድ ውስጥ ስላለ አንድ ቤተ መቅደስ ነው። ግዛቱ ማኒፑር፣ ከተማው ኢምፋል፣ ሕዝቡ ሜይቴ ይባላል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

ኢምፋል መሃል ካንግላ የሚሉት የነገሥታት ግቢ አለ። የፋሲልን ግቢ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የጥንቱ አምላካቸው የፓኻንግባ መቅደስ እዚያ ነው። የሂንዱው አምላክ የክሪሽናም፣ እነሱ ጎቪንዳጂ የሚሉት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። የእኔ ወሬ ስለዚህኛው ነው።

ንጉሥ ናራ ሲንግ በ1846 አሠራው። የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳውና ንጉሥ ቻንድራኪርቲ በ1876 መልሶ ገነባው። አሥራ አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይገለገሉበት በ1891 እንግሊዞች ማኒፑርን ወግተው ካንግላን ያዙ። መቅደላ ላይ ያደረጉትን የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን ይሄን መረዳት አይከብደንም። ካንግላ ሻ የሚባሉትን ሁለት ትልልቅ የአውሬ ሐውልቶች አፈረሱ፣ የአምላኩም ምስል ከመቅደሱ ወጣ፣ ግቢው የጦር ሰፈር ሆነ። እንግሊዝ ከሄደ በኋላም ወታደሩ አልወጣም። ለማኒፑር ሕዝብ የተመለሰው በኖቬምበር 2004 ነው። 113 ዓመት! አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ደጁን እንደ ልብ ሳይረግጡት አለፉ ማለት ነው።

እኛ ታቦቱ የወጣበትን ቤተ ክርስቲያን ምን ብለን እንደምናየው ታውቃላችሁ። እና ምስሉ የት ሄደ? ዛሬ ያለው በአዲሱ ቤተ መንግሥት አጠገብ፣ ሁለት ወርቃማ ጉልላት ባለው መቅደስ ውስጥ ነው። ሕንድ ስማር ሄጄ አይቼዋለሁ። ጫማ አውልቀህ ትገባለህ። ከመቅደሱ ጋር የተያያዘ ሰፊ አዳራሽ አለ፣ ማንዳፕ ይሉታል፣ ሕዝቡ ዙሪያውን መሬት ላይ ይቀመጣል። ነጭ የለበሱ፣ ነጭ የጠመጠሙ ወንዶች ፑንግ የሚባለውን ከበሮ አንግተው ገቡ። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከበሮው በቀስታ ጀምሮ እየጋለ ሲሄድ እንባቸው ወረደ፣ ከዚያ ተነስተው ዘማሪዎቹ እግር ላይ ወደቁ። እኔ የማኅሌት ሌሊት ትዝ አለኝ፤ ራሴን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ይሄ ሥርዓት ሳንኪርታና ይባላል። ዩኔስኮ በ2013 መዘገበው። የእኛ መስቀልም የተመዘገበው በዚያው ዓመት፣ ባኩ ላይ በተደረገው በዚያው ስብሰባ ነው።

ስለዚህ ሜይቴዎች ያላቸው ነገር ለሁለት የተከፈለ ነው። የ1876ቱ ግንብ አንድ ቦታ፣ ምስሉና ከበሮው ሌላ ቦታ። ባለሙያው ብዙ ጊዜ ግንቡን ብቻ ያያል፣ አማኙ ከበሮውን ብቻ። እኔ አንዱ ያለሌላው ተጠበቀ አልልም።

ስለ ግንቡ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሲሠራ ያየሁት ስህተት ነው፣ ኢምፋል ሳይሆን ሌላ ቦታ። ድሮ ጡብ የሚያያዘው በኖራ ነው። ኖራ እርጥበት ያስወጣል። አንድ ሰው በቅን ልብ መጥቶ ስንጥቁን በሲሚንቶ ሲለስነው ውሃው ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፣ ጡቡም እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። በጣቴ ነክቼው ረግፏል። የማኒፑር ዝናብ ደግሞ ዋዛ አይደለም፤ መሬቱም ሕንድ ውስጥ ለመንቀጥቀጥ በጣም ተጋላጭ ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ ነው። እዚያ የሚጠግን ሰው መጀመሪያ ኖራ ማቡካት ይማር።

ከዚያ ደግሞ ከበሮውን የሚያውቁትን ሽማግሌዎች ይጠይቅ። የቱ ጋ ይቆሙ ነበር? የቱ በር ለማን ነበር? በየት ዞረው ይገቡ ነበር? ይሄ ፕላን ላይ አይገኝም። ያን ቀን ከሽማግሌዎቹ ጎን አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ከበሮ ሳይዝ ጭኑን እየመታ ምቱን ይከተል ነበር። ካንግላ ሲጠገን ያ ልጅ ገብቶ የሚመታበት ወለል ይተውለት።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ እዚሁ ነኝ።